በዜማ የተያዘ እንግሊዝኛ

ዳንግላ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን የምንማር ሁለት የገጠር ሴት ልጆች ነበርን። ስንቃችን ቅዳሜ ቅዳሜ በጋሪ ይመጣልናል። የጓደኛዬ ቤተሰብ በቤቱ አገውኛ ነው የሚናገረው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ለመደችው፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛዋ ነበር። አባቷ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። የአሥረኛ ክፍልን ፈተና ካለፈች ሊያስተምሯት፣ ከወደቀች ግን ለጠየቃት ሰው ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል።

መከራችን ያ ከሕግ ያፈነገጠ የእንግሊዝኛ ግስ ነበር። መምህራችን "ኢሬጉላር ቨርብ ሕግ የለውም፣ መሸምደድ ነው" ብለው ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞሉት። እኔ ተናደድኩ። ሕግ ከሌለው ምኑን ነው የሚያስተምሩን? እሷ ግን አባቷ ዳዊት በሚያስደግሙበት ዜማ ያዘችው። "አራይዝ፣ አሮዝ፣ አሪዝን፤ ቢጊን፣ ቢጋን፣ ቢገን..." ሽሮ ስታማስል ዜማ፣ ልብስ ስታጥብ ዜማ። አከራያችን "ይቺ ልጅ ልትቀስስ ነው እንዴ?" እያሉ ይስቁ ነበር። ስምን ከቅጽል፣ ቅጽልን ከተውሳከ ግስ የምትለይበትም የራሷ ዜማ ነበራት። ከእኔ በጣም ትበልጥ ነበር።

ከመሐል መጀመር ግን አይሆንላትም። "ቲች" ስላት ከ"አራይዝ" ተነስታ፣ በለሆሳስ እያዜመች፣ ወደ ታች ትወርዳለች። ፈጣን ስለነበረች ማናችንም ችግር ነው አላልንም።

የፈተናው ዕለት ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ፈታኙ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየና "አንቺ! ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" ብሎ ጮኸባት።

"በልቤ ነው" አለችው።

አስነስቶ ፊት አስቀመጣት። "አፍሽ ሁለተኛ ሲንቀሳቀስ ባይ ወረቀትሽን ነው የምቀማሽ!" አላት። ከዚያ በኋላ አፏን በመዳፏ ይዛ አንገቷን እንደደፋች ቀረች።

ስንወጣ "አፌን ሲያዘጋኝ ሁሉም ጠፋኝ" አለችኝ። ያን ሰውዬ ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

ውጤት ሲመጣ እኔ አለፍኩ። እሷን እንግሊዝኛው ጣላት።

አባቷ ዕቃዋን ሊወስዱ ጋሪ ይዘው መጡ። እሷ ውስጥ ልብሷን ስታጣጥፍ እሳቸው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ በቃሏ አልጠየቋትም?"

"የለም የኔታ፣ ፈተናው በወረቀት ነው።"

"እኛ ዘንድ ተማሪ አፉን ከፍቶ ነው የሚፈተን" አሉኝ። ቀጥለውም "ድምፅ አውጥታ ብትመልስ ኑሮ ታልፍ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

ምን ልበላቸው? መዋሸት አልቻልኩም። "ታልፍ ነበር" አልኳቸው።

ፊታቸውን አዙረው ፍራሹን ጋሪው ላይ ማሰር ጀመሩ። ደጋግመው ቢቋጥሩትም ገመዱ አልታሰር አላቸው። እሷ ወጥታ አየቻቸው። ገመዱን ከእጃቸው ተቀበለችና ራሷ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው፤ ከዚያ ሊድሯት ከሚወስዷት አባቷ ጎን ጋሪው ላይ ወጥታ ተቀመጠች።