የሌሞዋ እንግሊዝኛ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዘጠኝ ዓመት ተማሪዬ ተነሥታ ስታነብ «ቪሌጅ» የሚለውን ቃል «ዊሌጅ» አለችው። የምኖረው ታይላንድ ነው። የሩዝ ማሳ በከበባት ትንሽ ከተማ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እዚህ ልጆቹ «ቪ» አፋቸው ላይ አልመጣ ትላቸዋለች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ልጅቷ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች። ጸጥ አሰኝቻቸው ንባቧን አስጨረስኳት። እኔ ጆሮ ውስጥ ግን የሌላ ክፍል ሳቅ ነበር፤ የሆሳዕናው የስድስተኛ ክፍል ሳቅ።

ያኔ ከሌሞ ገጠር በየቀኑ በእግሬ እየተመላለስኩ ነበር የምማረው። ክረምት ሲገባ የጫማዬን ጭቃ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ በሣር ጠርጌ እገባለሁ። ክፍላችን ዝናብ የነካው ሹራብና ጠመኔ ይሸታል፤ የእኔ ቦርሳ ደግሞ ለምሳ የያዝኩትን ቆጮ። ቤት የምናወራው በሀዲይኛ ነው። አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ እንግሊዝኛም ወዲያው ተከተለ። «ቪ» ለእኔ «ቢ» ነበረች። «አይ ሊብ ኢን ኤ ቢሌጅ» ያልኩ ቀን ስሜ ተቀየረ። ሱዚ ስንዘል እንኳ «ቢሌጅ፣ ተራሽ ነው!» ይሉኝ ነበር። በፈተና ግን በእንግሊዝኛ የሚቀድመኝ አልነበረም።

ለወላጆች ቀን በእንግሊዝኛ ንግግር የሚያቀርብ ሲፈለግ፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር ታምራት «ጽፈሽ አምጪ» አሉኝ። ስለ ሰፈራችን አንድ ገጽ ጻፍኩ። ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ለሄለን ሰጧት። ሄለን አባቷ ገበያው አጠገብ ሱቅ ያለው የከተማ ልጅ ነበረች፤ እንግሊዝኛዋ ያለ እንቅፋት ይወርዳል።

«ጽሑፉ ቆንጆ ነው» አሉኝ ቲቸር። «ግን ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። እንዳይስቁብን ብዬ ነው።»

ቤት ስደርስ አባቴ አጥር ሲጠግን አገኘሁት። እያለቀስኩ ነገርኩት። ሥራውን አላቋረጠም።

«የጻፍሽው ስለ እኛ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኔ የነጋዴ ልጅ ልሰማ ነው ሥራ ፈትቼ የምመጣው?»

አንድም የእንግሊዝኛ ቃል የማያውቅ ሰው ነው እንግዲህ።

የወላጆች ቀን ደርሶ የሄለን ስም ሲጠራ እኔ ተነሣሁ። ቀድሜያት ደርሼ ማይኩን ያዝኩ። ሄለን ወረቀቱን እንደያዘች ግራ ገብቷት አጠገቤ ቆመች፤ ቲቸር ከጎን ሆነው በእጃቸው «ውረጂ!» ይሉኛል። ወረቀቱ አላስፈለገኝም፤ የጻፍኩት እኔ ነኛ። «አይ ሊብ ኢን ኤ ቢሌጅ» ስል ተማሪው በሳቅ ፈነዳ። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። «ቢሌጅ» አልኩ ደግሜ። ሳቁ ቀነሰ። በሦስተኛው ጮክ ብዬ «ቢሌጅ!» ስል ግቢው ጭጭ አለ። ከዚያ እስከ መጨረሻው በቃሌ ተወጣሁት። አባቴ ከኋላ ከዛፍ ሥር ቆሟል፤ የት ላይ እንደሚጨበጨብ ስለማያውቅ ትንፋሽ በወሰድኩ ቁጥር ያጨበጭባል።

ሰኞ ቲቸር «ሥርዓት የለሽም» ብለው ሳምንቱን ሙሉ ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አስወጡኝ። ይቅርታ ጠይቂ ተባልኩ፤ አልጠየቅኩም። መስኮቱ ሥር ቆሜ ተማርኩ። የጥቁር ሰሌዳውን ጽሑፍ ከዚያ ማየት ስለማልችል ሄለን ደብተሯን ታውሰኝ ነበር።

እዚህ ታይላንድ ጠዋት ጠዋት በስኩተር ወደ ሥራ ስሄድ ልጆቹ እጃቸውን ገጥመው ጎንበስ እያሉ «ቲቸር» ይሉኛል። «ቪ» ዛሬ አታስቸግረኝም፤ አነጋገሬ ግን የእኛው አገር ነው። የማስተምርበት ማዕከል ሥራ አስኪያጅ ደግ ሴት ናት፤ ሲያመኝ ሾርባ ይዛ ትመጣለች። ባለፈው ወር ወላጆች ሲሰበሰቡ ግን ወደ ጎን ጎተት አድርጋኝ «ከእንግሊዝ ነኝ በያቸው፤ ማን ያውቃል?» አለችኝ።

ገና ስብሰባው ውስጥ ከመግባቴ አንድ አባት ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

«ከኢትዮጵያ። ሆሳዕና አጠገብ፣ ሌሞ ከሚባል ገጠር።»

«እዚያ የምትናገሩት እንግሊዝኛ ነው?»

«አይደለም። እንደ ልጅዎ ተምሬው ነው።»

ሥራ አስኪያጇ ወደ ወለሉ አቀረቀረች። በማግስቱ ሦስት ልጆች ከክፍሌ ወጡ። የጠየቁኝ ሰውዬ ልጅ ግን አልወጣም።

ያኔ ከመድረክ እንደወረድኩ ሮጬ የሄድኩት አባቴ ጋ ነበር። አሁን የምገባው ባዶ ቤት ነው፤ በሀዲይኛ «ጎበዝ» የሚለኝን ሰው የማገኘው በስልክ ብቻ ነው። ያኔ የምፈራው የሰው ሳቅ ነበር። ዛሬ የምፈራው አንድ ቀን ደክሞኝ ሥራ አስኪያጇን «እሺ» ማለቴን ነው።

እስካሁን አላልኩም።