ለሻካራ የተደበደበው ቆርቆሮ

የመጨረሻ ልጄ በያጅ ነበር፤ የሰፈሩ የብረት በር አብዛኛው የእጁ ሥራ ነው። ድምፁ ብረት በሞረድ ሲፋቅ ይመስል ስለነበር «ጉሮሮውን ማን በየደለት?» እያሉ ይስቁበት ነበር። በኋላ «ሻካራ» አሉት፤ እኔም ያወጣሁለትን ስም ትቼ በዚያው ጠራሁት።

ቅዳሜ ሲደርስ ከበያጅ ቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ መጋዘን፣ ዲጄው በሚያጫውተው የሸክላ ምት ላይ ዳንስሆል የሚሉትን የጃማይካ ዘፈን ይዘፍን ነበር።

«ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ጠብ?» ስለው፣

«ጠብ ነው እማዬ፤ ግን ማንም አይጎዳም» ይለኝ ነበር።

እዚያ አንድ ልማድ አለ። ዘፈኑ የሰውን ልብ ሲይዝ ሁሉም የቆርቆሮውን ግድግዳ በመዳፉ ይመታል። ያን ጊዜ ዲጄው ሸክላውን አቁሞ ከመጀመሪያው ይመልሰዋል። ቆርቆሮው ለሻካራ ሲደበደብ ኖሮ ጎድጉዷል።

ዲጄው ለመጋዘኑ ብቻ ብሎ የልጄን ዘፈን በአንድ ለስላሳ ሸክላ አስቀረጸ፤ መርፌው ባለፈበት ቁጥር እየተፋቀ የሚያልቅ ዓይነት። ልጄን ሕመም ሲወስደው የቀረን ድምፅ እሱ ብቻ ሆነ። ሰው በናፍቆት ቆርቆሮውን ሲመታ፣ ዲጄው ሲመልስ፣ ድምፁ እየሳሳ ሄደ። ወደ ስልክ እንገልብጠው ቢሉም ረፍዶ ነበር፤ የተገለበጠው ጫጫታ ብቻ ሆነ። ዲጄው ሸክላውን ቆለፈበት። በስተርጅና ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ ያነበብኩት ሸክላው ላይ የተጻፈውን የልጄን ስም ነው። ማንበብ ግን መስማትን አይተካም።

የሻካራ ሴት ልጅ አባቷ ሲሞት ጡት ትጠባ ነበር። ዛሬ እኔ ቃል በቃል ያስጠናኋትን የአባቷን ዘፈን ትዘፍናለች።

«እማዬ፣ አንዴ እንኳ ድምፁን ልስማው» አለችኝ።

ዲጄውን ለመንኩት።

«እማማ፣ አሁን ከተጫወተ የመጨረሻው ይሆናል።»

«ተቆልፎበት ለማን ይዘፍናል፣ የኔ ልጅ?»

ቅዳሜ መርፌው ወረደ። መጀመሪያ እንደ ካፊያ ተንሿሿ፤ ቀጥሎ ልጄ ጉም ውስጥ ሆኖ እንደሚጣራ ሰው ከሩቅ መጣ። የልጅ ልጄ አፏን ይዛ ቆመች። ቆርቆሮውን የነካ የለም፤ ሁሉም እጁን አጣምሮ ያዳምጣል። ግጥሙ መሃል ላይ ድምፁ ጠፋና ምቱ ብቻውን ቀረ።

ያን ጊዜ እሷ ካቆመበት ተቀብላ ጨረሰችው። በዚያው ሻካራ ጉሮሮ።

ቆርቆሮውን መታሁ።

«ልመልሰው እማማ?» አለኝ ዲጄው፣ እጁን ወደ መርፌው ዘርግቶ።

«ሸክላውን ተወው። የመታሁት ለእሷ ነው።»

እሷም ያለ ሸክላ ከመጀመሪያው ጀመረች። እኔ ግን መዳፌን ከጎድጓዳው ላይ ማንሳት አቃተኝ።