ሽማግሌ ፊት የቀረበው የቤዝቦል ውጤት

ስታቲስቲክስ ተምሬ ከተመረቅኩ በኋላ ቢሮ ለቢሮ ዞሬ ሥራ ሳጣ፣ በኢንተርኔት ከአንድ የውጭ አገር ሰው ጋር ተዋዋልኩ። ሰውዬው የድሮ የአሜሪካ ቤዝቦል ጨዋታዎችን ውጤት ይሰበስባል። ውጤቱ የታተመበትን ያረጀ ጋዜጣ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፤ እኔ ኮልፌ፣ ወላጆቼ ቤት ሳሎን ጥግ ቁጭ ብዬ ማን ስንት ጊዜ ኳሱን እንደመታ፣ ማን ስንት ጊዜ ሜዳውን ዞሮ ነጥብ እንዳስቆጠረ ኮምፒውተር ላይ እገለብጣለሁ።

ይህንን ለአባዬ ገና ስጀምር ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ከነገርኩት ውስጥ የያዘው "አሜሪካ" እና "ስታቲስቲክስ" የሚሉትን ብቻ ነው። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል፤ ልጁ ለአሜሪካ መንግሥት እንደምትሠራ ያልነገረው ደንበኛ የለም። ሱቁ ሄጄ ሲያወራ ስሰማ መግቢያ ይጠፋኛል።

አምና፣ ዛሬ ባሌ የሆነው ልጅ ሽማግሌ ላከ። እሁድ ከሰዓት መጡ። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ሆኜ የሚባለውን አዳምጣለሁ። ከመሃላቸው ትልቁ፣ መነጽር ያደረጉት ሽማግሌ፣ ልጅቷ ምን እንደምትሠራ ጠየቁ። አባዬ ስለ አሜሪካ መንግሥት ተናግሮ አልበቃውም፤ ኮምፒውተሬን ይዤ እንድመጣ ጠራኝ። እናቴ ለትዳር የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም፣ ነውር ነው ብላ በር ላይ ተከራከረችው። አልሰማትም።

ሻሼን አስተካክዬ ገባሁ። ጀምሬ የተውኩት ገጽ እንደተከፈተ ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩና ምንድን ነው አሉኝ። ኳስ በዱላ እየተመታ የሚካሄድ ጨዋታ ነው አልኳቸው።

"እንደ ገና ጨዋታ?"

"እንደዚያ በሉት፣ አባባ።"

ማን እንዳሸነፈ ጠየቁኝ፤ ስድስት ለሁለት መሆኑን ነገርኳቸው። መቼ እንደተጫወቱ ሲጠይቁኝ አባዬ በተወለደበት ዘመን ገደማ ነው አልኩ። ጣታቸውን መጨረሻው ረድፍ ላይ አሳረፉ።

"ይሄኛውስ?"

"የስህተት ቁጥር ነው። ኳስ ከእጁ የጣለ ተጫዋች ይጻፍበታል።"

"እስከ ዛሬ እንደተጻፈበት?"

"እስከ ዛሬ።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሰውዬ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። አባዬ ይህቺ ለመለማመጃ ያህል ናት፣ ዋናው ሥራዋ የመንግሥት ነው አለና እንድደግፈው ዓይን ዓይኔን አየኝ። ነገ ቤታቸው ልገባ ያሰብኩ ሰው፣ በውሸት መግባት አልሆነልኝም።

"አይ አባዬ፣ ዋናው ሥራዬ ይሄው ነው" አልኩ።

ፊቱ ደም መሰለ። እኔም ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ። ኮምፒውተሩን እንዴት ዘግቼ እንደወጣሁ አላስታውስም፤ ጓዳ ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እናቴ ጀርባዬን ዳበስ ዳበስ አደረገችኝ። ሽማግሌዎቹ ሥራው ምንም ነውር የለበትም እያሉ አባዬን ሲያጽናኑት ይሰማኛል። ማጽናናታቸው ባሰብኝ።

አባዬ እስከ አስራ ስምንት ማዞሪያ ሸኝቷቸው ሲመለስ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጫማውን በዝግታ አወለቀ።

"ድሮውንም ነግረሽኝ ነበር?"

"ነግሬህ ነበር።"

"እኔ ነኛ ያልሰማሁሽ" አለና ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው ተመልሰው መጡ፣ ተጋባን። ባሌ ታሪኩን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከነበሩት አጎቱ ሰምቶ ዛሬም ይስቅበታል። እኔ አብሬው መሳቅ አቅቶኛል። አባዬ ስለ እኔ ማውራት ትቷል። ባለፈው ሱቁ በር ላይ ስደርስ አንዲት የድሮ ደንበኛው ያቺ የአሜሪካዋ ልጅህ እንዴት ናት ስትለው ሰማሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ደህና ናት፣ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች" አላትና ያልጠየቀችውን ጨርቅ ያወርድላት ጀመር። እኔም ሳልገባ፣ እንዳያየኝ በሱቆቹ ጀርባ ዞሬ ወደ ታክሲ ተራው ሄድኩ።