ላፕቶፑ የዋጠው ባዘቶ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የማወራው እኔ ነኝ፣ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት፤ ጥፋት ካገኛችሁበት የሷ ነው። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለታችን ብቻ ነን። እሷ ቢሮ ትሠራለች፣ እኔ ጥጥ እፈትላለሁ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ መኪና እነዳለሁ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። በላፕቶፕ ነው እንጂ።

ነገሩን ያመጣችው ጎረቤቴ ናት። ጎረቤቴ ስል የድሮዋን ማለቴ ነው። ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቧንቧ እየተሻማን ነው የኖርነው። እዚያው አድገን፣ ልጆቻችንን እዚያ ወልደን፣ እዚያ ድረናል። የግቢው በር ላይ አንድ ድንጋይ ነበረች፣ ለሁለታችን መቀመጫ ተለክታ የተሠራች የምትመስል። ከሰዓት በኋላ እዚያ ቁጭ ብለን እንፈትላለን፣ አላፊ አግዳሚውን እናማለን። እንዝርቱ ሲደክም ምላሳችን አይደክምም። ግቢው ሲፈርስ እኔ ወደ አራብሳ መጣሁ፣ እሷ ወደ ጀሞ ሄደች። አንድ ከተማ ነው ይላሉ። ጉልበቴን ብትጠይቁት ግን ሌላ አገር ነው።

መጀመሪያ በስልክ ነበር የምንገናኘው። ስልክ ምን ይሆናል!

«ደህና ነሽ?»

«ይመስገን፣ አንቺስ?»

«ይመስገን።»

በቃ፣ ከዚያ ዝም። ድንጋዩ ላይ መቼ እንዲህ አወራን? ድንጋዩ ላይ እንሰዳደብ ነበር። ሰው ካልተሰዳደበ ምኑን ተጫወተ?

አንድ ቀን የልጅ ልጄ የመኪና ጌም ስትጫወት አየሁና «እስቲ ወዲህ በይው» አልኳት። ቁልፎቹ ላይ ፊደል አለ፣ እኔ ግን የምነካው ቀስቶቹን ብቻ ነው፤ ቀስት ወዴት እንደሚያይ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ግድግዳውን ገጨሁት፣ አጥሩን ጣስኩት፣ ሳቄ ደረጃው ድረስ ተሰማ። ለጎረቤቴ ነገርኳት። እሷ መች ትቀርልኝ! ወዲያው የራሷን የልጅ ልጅ አስቸግራ ጌሙን አስጫነች። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገን፣ እሷ ከጀሞ እኔ ከአራብሳ በኢንተርኔት እንሽቀዳደማለን። የሷ መኪና ቀይ ናት። የኔ ነጭ ናት፣ እንደ ነጠላዬ። ስድቡም ተመለሰ።

ውርርዱን ልንገራችሁ። ሁለታችንም የተወለድንበትን ቀን የጻፈልን የለም። ልጆች ሳለን «ታላቅ እኔ ነኝ» ስንባባል ኖርን፤ ድግስ ቤት ቀድሞ ለመቀመጥ፣ «እትዬ» ተብሎ ለመጠራት። አሁን ደግሞ ጉድ እዩ፣ ሁለታችንም «ታናሽ እኔ ነኝ» ባይ ሆንን! ስለዚህ ተወራረድን። በዳግማዊ ትንሣኤ ዕለት አንድ ውድድር ይደረጋል፤ ያሸነፈች ታናሽ ትሆናለች፣ የተሸነፈችዋን ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቷ «እትዬ» እያለች ትጠራታለች። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

እኔ ጎበዝ ነበርኩ። ኩርባ ላይ አትደርስብኝም። ጾሙ ሲጋመስ ግን ላፕቶፑ ይንቀራፈፍ ጀመር። መኪናዬ ትሄድ ትሄድና ቀጥ! ቀስቱን ብጫን ወይ ፍንክች። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ዘላ ግድግዳ ውስጥ ገብታለች። የልጅ ልጄ «ስታክ አደረገ» ትላለች። ጎረቤቴ ደግሞ በስልኩ፣

«መኪናሽን አህያ ነው እንዴ የሚጎትታት?»

«ዝም በይ፣ እየመጣሁ ነው።»

«እኔማ ደርሼ ምሳ በላሁ። አይዞሽ፣ ዕድሜ ነው። እትዬ ማለቱን ልለማመድ መሰለኝ።»

አንዳንዴማ ጌሙ ጭራሽ ይቋረጥና በስልኩ ብቻ እንቀራለን። «ደህና ነሽ?» «ይመስገን።» ይሄ ነው ያስፈራኝ። እትዬ መባሉስ ይሁን፤ ድንጋይዋን ሁለተኛ ላጣት ነው።

ፋሲካ አለፈና ዳግማዊ ትንሣኤ ነገ ሊሆን፣ ቅዳሜ ጠዋት የልጅ ልጄን ያዝኳት። «ዛሬ ይሄ ዕቃ ካልዳነ ምሳ የለም» አልኳት። ቁጭ ብላ ነካካችው።

«እማማ፣ ብዙ ነገር ተከፍቶ ነው የሚያዘገየው» አለች።

ተነሳሁና መስኮቱን ዘጋሁ። በረንዳውንም ዘጋሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«የተከፈተውን እየዘጋሁ ነዋ። ንፋስ ገብቶበት ይሆናል።»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔ ስላሳደግኳት አንቺ ነው የምትለኝ፣ ደፋር ናት። ለካ የተከፈተው እዚያው ውስጥ ነው፤ የጀመረችው ፊልም፣ ዘፈኑ፣ የቢሮዋ ወረቀት፣ ሁሉም ከኋላ ተደብቆ ጉልበቱን ይበላል። አንድ በአንድ ዘጋቻቸው። ቻርጀሩንም ሰካችው፤ በባትሪ ብቻ ሲሆን ጉልበቱን ይቆጥባል አለችኝ። ትንሽ ተሻለውና መልሶ ቀጥ።

«እንግዲያው ጥራቱን ልቀንሰው» አለች። ቀነሰችው። ስመለከት የመንገዱ ዛፎች ቅጠል የላቸውም። የመኪናዎቹ ጥላ ጠፋ። ዳር ቆመው የሚያጨበጭቡት ሰዎች አንድም አልቀሩም። አጥሩና አስፋልቱ ብቻ።

«ሰዎቹስ?» አልኳት።

«እንዲፈጥን አነሳኋቸው።»

የኛም ሰፈር እንዲሁ ነበር፤ መጀመሪያ ባሕር ዛፉ፣ ከዚያ ሰዉ፣ ከዚያ ድንጋይዋ። አሁን በዚያ ሳልፍ ሕንፃው መስታወት ነው፤ በሩ የቱ ጋ እንደነበር እንኳ በግምት ነው የማውቀው። «መልሻቸው» አልኳት። «የሚያጨበጭብልኝ ሰው በሌለበት አልነዳም።» መለሰቻቸው።

ከዚያ ላፕቶፑን ከሥር ስትነካው እጇን ቶሎ ሳበች። እኔም ነካሁት፤ ይፋጃል።

«ምች መትቶታል!» አልኩ። «ቆይ ዳማከሴ ላምጣለት።»

«እማማ በእግዚአብሔር! ውስጡ ማራገቢያ አለው፣ እሱ ነው የታፈነው። መተንፈስ አቅቶት ነው።»

ካቻቢቴ አመጣች፤ ብሎኖቹን ፈትታ የሥሩን ክዳን አነሳች። አየች። ቀና ብላ እኔን አየች። ጣቷን ሰደደችና አንድ ነጭ ነገር ጎትታ አወጣች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ደመና» አልኳት።

ባዘቶ ነው! የኔው ጥጥ። ክረምቱን ሁሉ፣ በጋውን ሁሉ ለሷ ጋቢ ስፈትል ላፕቶፑን አጠገቤ ፍራሽ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ይሞቃላ፣ ለጉልበቴ ጥሩ ነው። እሱ ሆዬ ብናኙን በሥሩ ሲምግ ከርሟል። የተሸመነ ቢሆን ለሕፃን ኮፍያ ይወጣው ነበር። በጥርስ ብሩሽ ጠራርጋ ዘጋችውና «ሁለተኛ ፍራሽ ላይ እንዳላየው፣ ጠረጴዛ ላይ ብቻ!» ብላ ተቆጣችኝ። ስታበራው የማራገቢያው ጩኸት ጠፋ፤ እንደ አዲስ ሙሽራ ፀጥ አለ።

በማግሥቱ ስንሽቀዳደም ማየት ነበር! ነጯ በረረች። ዛፉ ከነቅጠሉ፣ ሰዉ ከነጭብጨባው። ቀይዋን ፈለግኳት፣ የለችም። ዞር ብዬ ባይ ከኋላ ኩርባው ላይ ትሄድና ቀጥ፣ ትሄድና ቀጥ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«እኔ እንጃ!» አለች በቁጣ። «ይሄ ዕቃ ዛሬ ምን ነካው? ደግሞ እንደ ምጣድ ነው የሚፋጀው!»

መጨረሻው መስመር ፊቴ ነው። አንድ ጊዜ ቀስቱን ብጫን ታናሽ ነኝ፣ ለዘላለም። ጣቴን አነሳሁ። መኪናዬ መስመሩ ሥር ቆመች። የልጅ ልጄ «እማማ፣ ግቢ እንጂ!» ብላ ጮኸች።

«አንቺ» አልኳት ጎረቤቴን፣ «የት ቁጭ ብለሽ ነው የምትፈትዪው?»

«ምን አገናኘው?»

«የት ነው?»

«አልጋዬ ላይ ነዋ። ላፕቶፑን አጠገቤ አድርጌ… እግሬን ያሞቅልኛል።»

ሳቄን አፈነዳሁት። ድንጋይዋ ብትጠፋ፣ ከተማ ብትለያየን፣ አሁንም አንድ ላይ ነው ለካ የምንፈትለው! «ሆዱን አስከፍቺው» አልኳት። «የዋጠውን ባዘቶ አውጥተሽ ሳምንት እንገናኝ። ከበሽተኛ ጋር አልወዳደርም።»

«ከጀሞ እንዴት አየሽው?»

«ሽታው እዚህ ደረሰ።»

በሳምንቱ ሁለቱም ማሽን ደህና ነው። ነጭና ቀይ ጎን ለጎን፣ ኩርባ በኩርባ። መጨረሻው ላይ በስንዝር ቀደመችኝ። የልጅ ልጄ ራሷን ያዘች።  በስልኩ የጎረቤቴ ትንፋሽ ይሰማኛል።

ከዚያ «እትዬ!» አለች።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። እዚህ ሰፈር ለሁሉም እማማ ነኝ፤ ለታክሲው ረዳት እማማ፣ ለጥበቃው እማማ። እትዬ የሚለኝ ሰው ከሞተብኝ ቆይቷል። እህቶቼ ነበሩ የሚሉኝ፣ ከዚያ ግቢ በር ላይ ሆነው፣ ከውጭ ጀምረው እየተጣሩ። በዚያች ቃል በሩ የት እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ከቧንቧው በስተግራ ነው።

«እትዬ፣ ኩርፊያ ነው?» አለች።

«ወዬ» አልኳት፣ ታላቅ ለታናሿ እንደምትመልሰው።

ያን ቀን የመጨረሻው ኩርባ ላይ ጣቴን ትንሽ ላላ አድርጌያለሁ። ይቺን አትጻፊ ብያት ነበር፤ ጻፈቻት።