ጭስ የገባበት የኮሰረት ዘይት

ባለፈው ሳምንት አንድ የግብርና ባለሙያ ፍስሐ ገነት ከተማ ሰብስቦን፣ የኮሰረት ቅጠል ዘይት ለሽቶ እንደሚፈለግ አስረዳን። ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ቤት ስመለስ ልጄን ጓሮ አገኘሁት፤ እንሰቱን በዓይኑ ይለካል።

"አባዬ፣ ይኼኛው መደብ ቢነሳስ?" አለኝ።

ከተሜ ኮሰረትን የሚያውቀው ቅቤ ሲነጠር ነው። እርጥቡን ቅጠል በጣት ሲያሹት ግን ሌላ ነው፤ መጀመሪያ እንደ ሎሚ ልጣጭ ይልና ቆይቶ አበባ አበባ ይሸታል። ይኼን ሽታ አውጥቶ በጠርሙስ መሸጥ ይቻላል የሚለውን ጣጣ ያመጣብን አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ነበር። ያኔ ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነው። ሰውዬው ቱቦ የተበየደበት በርሜልና አንድ ትልቅ ባለቡሽ ጠርሙስ ለአባቴ ትቶለት፣ "ዘይቱ ከጠራ ሁልጊዜ እወስዳለሁ፤ ካልጠራ ግን አልነካውም" ብሎ ሄደ።

አባቴ የሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ከጓሯችን እንሰት አብዛኛውን ነቅሎ ኮሰረት ተከለበት። እንሰት ዓመታት ተጠብቆ የሚበላ ነገር ነው፤ በአንድ ጠዋት ይነቀላል፣ በአንድ ጠዋት አይተካም። ዘይቱ ካልተወሰደ የምንበላው እንደማይኖር ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አይናገረውም። እናቴ ብቻ አንድ ቀን ቆጮውን ስትቆርስ፣ "ይቺን ረጋ ብላችሁ ብሏት" አለች።

ዝናቡ ጋብ ሲል ቅጠሉን አጭደን በርሜሉን ጅረቱ ዳር ጣድን። እሳቱ የእኔ ሥራ ነበር። ከበዛ ቅጠሉ ያራል፣ ካነሰ እንፋሎቱ አይወጣም። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ "ቀንስ... አሁን ደግሞ ሊጠፋ ነው፣ ጨምር" እያለ ነፍሴን ሊያወጣት። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ከበርሜል ቱቦ ሲወጣ ያየ ሰው የሚያስበው ግን አንድ ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሳይቀሩ መጥተው ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

"አረቄ አይደለም፣ ጋሼ" አለ አባቴ።

"እኔ ምን ወጣኝ?" አሉ። እንደገና ግን ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

ዘይቱ ውሃው ላይ ተንሳፎ ታየ፤ ቀጭን፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ። እናቴ ጠርሙሱን አሰናድታ አመጣች፤ ቀዳንና በቡሽ ደፈንነው።

ወደ ዲላ በአውቶቡስ ሄድን። አባቴ ጠርሙሱን በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞታል። ዱመርሶ አካባቢ መኪናው ሲነጥር በሁለት እጁ አቀፈው። ረዳቱ፣ "አባባ፣ አራስ ልጅ ነው እንዴ?" አለው።

ነጋዴው ሆቴል ግቢ ውስጥ አናናስ እየበላ ጠበቀን። እጁን ጠርጎ፣ ነጭ የወረቀት ቁራጭ ዘይቱ ውስጥ ነከረና አሸተተ። ፈገግ አለ። አባቴ ተነፈሰ። ሰውዬው ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ "ትንሽ ይቆይ" አለና ወደ አናናሱ ተመለሰ። በሕይወቴ እንደዚያ አናናስ የጠላሁት ነገር የለም። ኋላ እንደገና አነሳው።

"ጭስ አለበት።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "እሳቱን የያዘው እሱ ነው።"

"ያረረ ቅጠል አይደለም። እንጨት ነው የሚሸተኝ።" ወረቀቱን ለአባቴ ሰጠው። አባቴ አሸተተና ዓይኑን ጨፈነ። ለእኔ አቀበለኝ። የወተት ዕቃችን ነበር የሸተተኝ፤ የወይራ ጭስ። በእኛ ቤት ጥሩ ነገር የሚገባበት ዕቃ ሳይታጠን አይቀርም። እናቴ ጠርሙሱን አክብራ አጥናዋለች። እጠኚ ያላት የለም፤ አታጥኚ ያላት የለም።

"ድጋሚ ብናወጣው?" አለ አባቴ።

"ሌላ ሰፈር የጀመሩ አሉ፣ አባባ። ከእነሱ እወስዳለሁ።"

ማታ ስንመለስ የፈራሁት ስለ እንሰቱ አልነበረም፤ ለእናቴ ነበር። አባቴ ጨው በዛ ብሎ ሰሃን የሚወረውር ሰው ነበር። እናቴ ደጅ ቆማ ጠበቀችን።

"እሺ፣ ወሰደው?"

አባቴ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ። "ውጭ አገር ዋጋው ወድቋል አሉ።"

"ዘይቱስ?"

"ዘይቱን ወዶታል።"

"ጌታ ይመስገን" አለች።

ከዚያ በኋላ የሰው ቆጮ በላን። እህቶቼ አክስቴ ቤት ተበተኑ፤ እኔ ወርቃ ወደምትባል ከተማ ወርጄ ቡና ማጠቢያ ሥራ ገባሁ። የነጋዴውን መልክ ረስቼዋለሁ፤ ደህና ሰው እንዳልነበረ ግን አልረሳሁም።

አባቴ ሞቷል። እናቴ አርጅታ ከእኔ ጋር ናት። ስለ ስብሰባው ልጄ ሲነግራት፣ "ትከል፤ የእኛን ዘይት ወደውት ነበር፣ ዋጋው ነው የገደለን" አለችው። ልጁ ትናንት መቆፈሪያውን ይዞ ሲወጣ አጥር ጥግ ጠራሁትና ሁሉንም ነገርኩት። መቆፈሪያውን አጥሩ ላይ አስደገፈው።

"አያቴ አታውቅም?"

"አታውቅም።"

"ታዲያ ለምን ተውከው ስትለኝ ምን ልበላት?"

"ዋጋው ገና አልተነሳም በላት።"

ገባ። ውጭ ቆሜ ሰማሁት፤ ከአባቴ አሳምሮ ነው የዋሸላት። አባቴን ይቅር ያላልኩት ብዙ ነገር አለ፤ ያን ምሽት ሳስብ ግን አፌን ይይዘኛል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ ወዲያ ነው፤ እናቴ ዛሬም አልቆጠረችም። ይህን የጻፍኩትን ወረቀት አንስቶ የሚያነብላት ደግ ሰው እንዳይመጣ ብቻ ነው የምሰጋው።