ሽማግሌ የጫነችው ትንሽ መኪና

ዘነበወርቅ ካለው የማስታወቂያ ድርጅት ጽሑፍ አዘጋጅ ሆኜ ለሙከራ የገባሁ ዕለት፣ አለቃዬ ጋሽ ተፈራ ግቢው ውስጥ የቆመች ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና አሳዩኝ። «ለእሷ መሪ ቃል ታወጪላታለሽ። አስመጪው ከወደደው ትቀጠሪያለሽ፤ ካልወደደው ሙከራሽ እዚህ ላይ ያበቃል» አሉኝ። ያንን ሥራ እንዴት እንደፈለግሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ለአስመጪው ለአቶ ነስሩ «ትንሽ ናት፤ ጉልበቷ ግን ትልቅ» ብዬ አቀረብኩላቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ ስለ ትንሽነቷ ይቅርታ ጠይቂልኝ አልኩሽ እንዴ? ሰዉ እንደሆነ ‹ማንን ልትይዝ ነው?› እያለ ይስቅባታል። እስከ ሰኞ ሌላ ካላመጣችሁ ሌላ ድርጅት እፈልጋለሁ» ብለው ወጡ። 

እሑድ ለወንድሜ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ነበር። ሽማግሌዎቹን ሊወስድ የነበረው የአጎቴ ሚኒባስ ጠዋት አልነሣ አለ። ጋሽ ተፈራ ጋ ደውዬ መኪናዋን ለመንኳቸው።

«ውሰጃት። ከጫርሻት ግን ሰኞን አትጠብቂ» አሉኝ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ከነጋቢያቸው፣ ከነከዘራቸው ገቡ። ከፊት የተቀመጡት ጋሽ በየነ «መኪና ያልሽው ይቺን ነው?» እያሉ እስከ አስኮ ቀለዱብኝ።

የልጅቷ ቤት ሳንሱሲ ነው። ክረምት ስለነበር ወደ ውስጥ የሚያስገባው ጠባብ ቅያስ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። የሰፈሩ ትልልቅ መኪኖች መግባት አቅቷቸው ከአስፋልቱ ዳር ቆመዋል። የእኔዋ አጥር ሳትነካ ሰተት ብላ ገብታ በሩ ላይ ቆመች። ጋሽ በየነ ቀልዳቸውን ተዉ።

የልጅቷ አባት የእንግዶቹን ጫማ አዩ፤ ጭቃ የሚባል አልነካውም። «ተቀመጡ» ሲሏቸው ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ።

«በእግራችሁ መጥታችሁ ቢሆን እኮ ሳትለመኑ ትቀመጡ ነበር!» ብለው ሳቁ አባትየው። ለመልሱ ቀጠሮ ሰጥተው በደስታ ሸኙን።

ሰኞ አቶ ነስሩ ፊት አንድ መስመር አነበብኩ፦ «ሽማግሌ ይላኩ፤ በር ድረስ ታደርሳለች።»

 እሳቸውም ጠረጴዛውን መትተው ሳቁ። «ተፈራ፣ ይቺን ልጅ እንዳትለቃት!»

በዚያው ቀን ተቀጠርኩ። ማስታወቂያው ከወጣ ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ ስታልፍ ፌርማታ ላይ የቆመው ሰው «ማን ሊያገባ ነው?» ይል ጀመር። ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ለቀጠሮው ስንመለስ ሚኒባሱ ተጠግኖ ነበር። ጋሽ በየነ ግን «በእሷ ካልሆነ አልሄድም» ብለው እምቢ አሉ። ልጅቷም ተሰጠች።

ዛሬ የጽሑፍ ክፍሉ ኃላፊ ነኝ። ለአዲስ ገቢዎች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ለዕቃ መሪ ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ዕቃውን ሥራ አሠሩት።