ያለ መሐላ

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬን ሲያንኳኩ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ነበር። የማስተምረው የአሥራ ዘጠነኛውን ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ባሪያ ነፃ ይውጣ፣ ሴት ትምረጥ፣ መጠጥ ይቅር እያሉ በየአዳራሹ የጮኹ ሰዎች የጻፉትን። በየተርሙ በኮንትራት እቀጠራለሁ፤ ጠዋት መሀል ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሰዓት ከተማው ሰሜን ጫፍ ኖርዝ ዮርክ ባለ ሌላ። ደክሞኛል። ይህን ቃል ከማብዛቴ የተነሳ ሰው አይሰማኝም፤ እኔም ማለቱን እየተውኩት ነው።

በዚያ ሰሞን የደረስነው ሰውን ከመጠጥ ለማላቀቅ የተጻፉት ታሪኮች ላይ ነበር። አንዱን ያነበበ ሁሉንም አነበበ ማለት ነው። አባት ይጠጣል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ትንሽ ልጅ መጠጥ ቤቱ በር ላይ በብርድ ቆማ አባቷን ትጠራለች። በመጨረሻ ሰውየው ሕዝብ ፊት ወጥቶ ሁለተኛ አልቀምስም ብሎ ይምላል፣ የቃል ኪዳን ወረቀት ላይ ይፈርማል፣ ሕዝቡ ይላቀሳል፣ መጽሐፉም ያልቃል።

«ቅዳሜ ፈረመ እንበል፤ ማክሰኞስ?» ብሎ አንድ ተማሪ ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ መጽሐፎቹ ማክሰኞ ድረስ አይቆዩም ብዬ አለፍኩት።

ታናሽ ወንድሜ እኔ ጋ ይኖር ነበር። ሲጠጣ አይሳደብም፣ አይማታም፤ ይተኛል። በመስከረም ድስት ጥዶ ተኛና የእሳት ደወሉ ጮኸ። የሴንት ጄምስ ታውን ሕንፃችን ሰው በሙሉ፣ አሮጊት ከነምርኩዟ፣ አራስ ከነልጇ፣ በደረጃ ወረደ። የሕንፃው ኃላፊ ሁለተኛ ከተደገመ ቤቱን ትለቂያለሽ አለኝ። በዚያው ሳምንት ወንድሜን አስወጣሁት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ከሁሉም የሚያንሱት እንኳ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በረዶ የያዘ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና ቆመው ቀሩ።

«ስለ ወንድምሽ ብለን ከከተማው ዳር ከስካርቦሮ ነው የመጣነው ልጄ» አሉ ትልቁ። «የምድር ባቡሩን፣ ሰብዌዩን ዘግተው በምትኩ ሸትል ባስ ውስጥ አጨቁን። እሺ ሳትይን አንቀመጥም፤ ውሃሽንም አንቀምስም።»

ይህ የሽማግሌ አድማ ነው፤ ፖሊስ አይበትነውም። ጉልበታቸው የሚያማቸው አባት ሳሎኔ መሀል ቆመው እኔ እንዴት ልቀመጥ? በገዛ ቤቴ ታገትኩ። ተናደድኩ፤ አፈርኩም።

«እሱስ የት ነው ያለው?» አልኩ።

«ታች መግቢያው ላይ፣ ሎቢ ነው። ካልጠራሽው አይወጣም፤ ሥርዓቱን ያውቃል።»

እነዚያን ታሪኮች የጻፉ ሴቶች ብዙዎቹ በሩን መዝጋት አይችሉም ነበር። ሕጉ ቤቱንም ደመወዛቸውንም ለባል ይሰጥ ስለነበር የቀራቸው መለመንና መጻፍ ነው። የእኔ ቤት ኪራይ ግን በስሜ ነው፤ መዝጋት እችላለሁ፣ ዘግቻለሁም። ከዘጋሁ ወዲህ አንድ ቀን እፎይ ብዬ አላደርኩም። በላ ወይስ አልበላ፣ በረደው ወይስ ሞቀው እያልኩ እገላበጣለሁ። ናፍቆኛል። እፈራዋለሁም።

«እሺ፣ ይግባ» አልኩ። «ግን እናንተ ፊት በእናታችን አጥንት ይማልልኝ።»

ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መሐላው ይቅር።»

«እንዴት መሐላው ይቅር ይሉኛል?»

«እኔ ምዬ አውቃለሁ፤ በአባቴ አጥንት። ሳምንት ሳይሞላኝ ጠጣሁ። ከዚያ ወዲያማ የምጠጣው መሐላ ማፍረሴን ለመርሳት ሆነ። ይኼን በወንድምሽ ላይ አትጨምሪበት።»

ሁለቱ ጓደኞቻቸው ወለል ወለሉን አዩ። ይህን ከአፋቸው ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል።

«ታዲያ ምን ይዤ ላስገባው? ነገ ቢደግመው ሜዳ ላይ የምወድቀው እኮ እኔ ነኝ!» ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ።

«ምንም» አሉ። «ዋሱ እኔ ነኝ ብዬ ልዋሽሽ? እኔ ያለሁት ስካርቦሮ፣ እሱ ያለው እዚህ። ምናልባት ነገ ይጠጣል። እሺ ይበልጣል ከሺህ ከማለት በቀር በእጄ ምንም የለኝም።»

ቢያባብሉኝ ኖሮ እከራከራቸው ነበር። ለክርክር ተዘጋጅቼም ነበር፤ የማስተምረው ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎችን ጽሑፍ አይደል? እሳቸው ግን አላባበሉኝም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። ከልብ ይሁን ከአንገት በላይ እስከ ዛሬ አላውቅም። ድካምም ይቅር ያሰኛል።

ሦስቱም እኩል ተነፈሱና ተቀመጡ። የሻይ ውሃ ጥጄ ወረድኩ።

ወንድሜ ሎቢው ውስጥ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጺሙን ተላጭቷል፤ ኮፍያውን በእጁ ይጠመዝዛል። ሲያየኝ ተነሣ።

ስንት ዓመት ወንድሜን የሳምኩት ጠጥቶ እንደሆነ ለማሽተት ነው። ጉንጭ ለጉንጭ ስንገናኝ አፍንጫዬ ይቀድማል። እሱም ይህን ያውቅ ስለነበር ስስመው ትንፋሹን ወደ ውጭ ያዞራል። ያን ዕለትም ፊቱን ማዞር ጀመረ። በሁለት እጄ ወደ እኔ መለስኩትና ትንፋሼን ይዤ ሳምኩት።